ናይሮቢ፣ ጅቡቲ ወይስ እዚሁ? ከሰሜን ሸዋ ለሚነሳ የቴክኖሎጂ ባለሙያ የንጽጽር መመሪያ

ባለፈው ጥር ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ አንድ ካፌ ተቀምጠናል። ውጭው ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የእህቴ ልጅ ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ላፕቶፗን ከፈተችና ሁለት ኢሜይል አሳየችኝ። አንዱ ከናይሮቢ ነው፣ ሌላው ከጅቡቲ። "ጋሼ፣ የቱ ይሻለኛል?" አለችኝ። ስትጠይቀኝ ጣቷ የደሞዙ ቁጥር ላይ ነበር።

እኔ ፕሮግራመር ነኝ። ናይሮቢ ሦስት ዓመት ሠርቼ ተመልሻለሁ፤ አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ያን ቀን ለእሷ የነገርኳትን፣ ቤት ከገባሁ በኋላ ትዝ ያለኝንም ጨምሬ እዚህ አስፍሬዋለሁ። ከደብረ ሲናም ሆነ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማም ሆነ ከአረርቲ፣ ኮምፒዩተር ተምሮ ጎረቤት አገር ላይ ዓይኑን የጣለ ሰው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ያልኳት ይህን ነው። "ደሞዙን ለጊዜው ተይው። ኢሜይሉ ውስጥ ስለ ሥራ ፈቃድ የተጻፈ ነገር አለ?" ፈለገች። የናይሮቢው "በፈቃዱ ጉዳይ እንረዳሻለን" ይላል። የጅቡቲው ጭራሽ አላነሳውም። ሁለቱም መልስ አይባሉም።

ጎረቤት አገር ሄዶ መሥራት የሚያምረውም የሚበላሸውም በዚህ ወረቀት ነው። ፈቃድ ካለ መካከለኛ ደሞዝ ያኖራል። ፈቃድ ከሌለ ትልቁም ደሞዝ እንቅልፍ አይሰጥም። ስለዚህ የሚቀጥለውን ስታነቡ ሦስት ነገር እያያችሁ ሂዱ፦ ወረቀቱ፣ ቋንቋው፣ በወር መጨረሻ እጅ ላይ የሚቀረው ገንዘብ።

ቶሎ የማልፋቸው

የምንዋሰናቸው አገሮች ብዙ ናቸው፤ ለዚህ ሙያ ምርጫ የሚሆኑት ግን ጥቂት ናቸው። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት፤ ካርቱም ከዝርዝሩ ትውጣ። ኤርትራንም ለዚህ ሥራ ብዬ አላስባትም። ጁባ ላይ ለኔትወርክና ለአይቲ ሰው የእርዳታ ድርጅቶች ሥራ ይገኛል፤ ደህና ይከፍላሉም። ግን ግቢ ውስጥ ተከልሎ የሚኖርበት ኑሮ ነው። ለአንድ ዓመት ኮንትራት እንጂ ቤተሰብ ይዞ ለመኖር አልመክረውም። ሃርጌሳ በሞባይል ገንዘብ የገፋች ከተማ ናት። ዛድ የሚባለው አገልግሎት እዚያ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ሱቁም ጉልቱም በእሱ ይገበያያል። ሶማልኛ ለሚችል ሰው ያያት። ለማይችል ግን ከባድ ነው።

የሚቀሩት ናይሮቢና ጅቡቲ ናቸው። ሦስተኛው ምርጫ እዚሁ መቆየት ነው፤ እሱንም እንደ ሽንፈት ሳይሆን እንደ ምርጫ ነው የማየው።

ናይሮቢ

ናይሮቢ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝም ስለ እሷ ነው።

ገበያው እውነተኛ ነው። ኤም-ፔሳ የተጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. እዚያው ነው። የባሕር ሥር የኢንተርኔት ገመዶች ሞምባሳ የደረሱት በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። በቀጣዩ ዓመት አይሃብ የሚባለው የወጣት ፕሮግራመሮች መሰባሰቢያ ተከፈተ። ማይክሮሶፍት የአፍሪካ የልማት ማዕከሉን በ2019 እ.ኤ.አ. ሲከፍት ከመረጣቸው ሁለት ከተሞች አንዷ ናይሮቢ ነበረች፤ ጉግልም ተከተለ። ይህ ሁሉ ተደማምሮ አንድ ሥራ ሲጠፋ ሌላ የሚፈለግበት ከተማ ሆናለች። ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይህ ነው። ጅቡቲ ላይ ሥራ ከለቀቃችሁ የሚቀጥለው በር ሩቅ ነው።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። መግባት መሥራት አይደለም። ተቀጥሮ ለመሥራት ክላስ ዲ የሚባለው ፈቃድ ያስፈልጋል። የሚያመለክተው ቀጣሪው ነው። ይህን ሙያ ከአገር ውስጥ ለምን እንዳላገኘ ማስረዳት አለበት። ከጎናችሁ ሆኖ ሥራውን የሚለምድ ኬንያዊም ማቅረብ ይጠበቅበታል። ክፍያው ቀላል አይደለም፤ ፈቃዱም በየጊዜው ይታደሳል። ለዚህ ነው ትንንሽ ድርጅቶች "ና፣ እዚህ እንጨርሰዋለን" የሚሉት።

እኔ በዚህ ተበልቻለሁ። መጀመሪያ የቀጠረኝ ድርጅት፣ ስሙን አላነሳም፣ "ሂደት ላይ ነው" እያለ ሦስት ወር አቆየኝ። ፈቃድ ስለሌለኝ የውጭ ዜጋ መታወቂያ የለኝም። መታወቂያ ስለሌለኝ የባንክ ሒሳብ አልከፍትም። ደሞዜ በአንድ ባልደረባዬ ኤም-ፔሳ በኩል እየተቆራረጠ ይመጣል። ማታ ማታ መንገድ ላይ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይንቦጫቦጫል። ኮዱ አልከበደኝም፤ ያ ስሜት ግን አደከመኝ። ሁለተኛው ቀጣሪዬ ፈቃዱ እጄ እስኪገባ "አትምጣ" አለኝ። ያኔ ነው ድርጅት ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ።

ሌላም በር አለ። ከኬንያ ውጭ ላለ ድርጅት በርቀት የሚሠሩ ሰዎች የሚያመለክቱበት ክላስ ኤን የሚባል ፈቃድ በ2024 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ገቢያችሁ ከውጭ እንደሚመጣ በማስረጃ ማሳየት ያስፈልጋል። የራሴን ድርጅት ልክፈት ለሚል ደግሞ ክላስ ጂ አለ፤ የሚጠይቀው ካፒታል 100,000 ዶላር ስለሆነ ለአብዛኞቻችን የሚታሰብ አይደለም።

አሁን ገንዘቡ። ኢሜይል ላይ የሚጻፈው ያልተጣራው ደሞዝ ነው። ለእህቴ ልጅ ናፕኪን ላይ ያሰላሁላትን ልድገመው። በወር 200,000 ሺሊንግ ተባለ እንበል። የጡረታው ይቀነሳል። የጤና መድኑ 2.75 በመቶ፣ የቤት ልማቱ 1.5 በመቶ ይወስዳል። ከዚያ የገቢ ግብሩ ይመጣል፤ በዚህ ደሞዝ ላይ አብዛኛው ብር የሚመታው በ30 በመቶ ነው። ሲጣራ እጅ የሚገባው 138,000 ገደማ ነው። ይህን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። እኛም አገር ግብሩ ቀላል እንዳልሆነ አስታወስኳት፤ በአዲሱ አዋጅ በወር ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደሞዝ 35 በመቶ ይከፈልበታል። ስለዚህ የተጣራን ከተጣራ ጋር አነጻጽሩ። ያልተጣራ የናይሮቢ ደሞዝ ከተጣራ የአዲስ አበባ ደሞዝ ጋር አስተያይቶ ሥራ የለቀቀ ሰው አውቃለሁ። አዘንኩለት።

ሺሊንጉም ይዋዥቃል። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንድ ዶላር 160 ሺሊንግ ደርሶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ 130 ተመለሰ። ወደ ቤት ብር የምትልኩ ከሆነ ይህ ይነካችኋል።

ቤት ኪራይ ላይ ከወሩ ኪራይ በተጨማሪ ዲፖዚት ይጠይቃሉ። ደሞዝ ከመድረሱ በፊት ማለት ነው። ስለዚህ ቢያንስ የሁለት ወር መኖሪያ ይዛችሁ ሂዱ። እቁብ ካላችሁ ዕጣው ከጉዞው በፊት እንዲወጣላችሁ ሰብሳቢውን ለምኑ። እኔ እንደዚያ ነው ያደረግሁት። ኢስሊ የሚባለው ሰፈር ዋጋው ይረክሳል፤ ኢትዮጵያዊም ይበዛል። ኪሊማኒ ለቢሮዎች ይቀርባል፤ ይወደዳልም። ቤት ከመያዛችሁ በፊት በጠዋቱ ትራፊክ ቢሮ ድረስ አንድ ቀን በማታቱ፣ በእነሱ ሚኒባስ ታክሲ፣ ሄዳችሁ ሞክሩት። ካርታ ላይ አጭር የሆነ መንገድ እዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ሊበላ ይችላል።

ቋንቋው ከሁሉ በላይ የሚፈትን ነው። እንግሊዝኛ እናነባለን፣ እንጽፋለን። መናገር ላይ ግን እንቸገራለን። ኬንያውያን ደግሞ ይፈጥናሉ። ጠዋት ጠዋት ቡድኑ ቆሞ ሲነጋገር ሁለት ደቂቃ አለኝ፤ ትናንት የሠራሁትን መናገር አለብኝ። ለወራት ማታ መስታወት ፊት ቆሜ እለማመድ ነበር። ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በጥሩ ውጤት የወጡ ልጆች ኢንተርቪው ላይ የሚወድቁት በዚህ ነው። ኮድ በምትለማመዱበት ሰዓት ልክ መናገርን ተለማመዱ። ለጓደኛችሁ ደውሉና የሠራችሁትን በእንግሊዝኛ አስረዱ፤ በነጻ የሚገኝ ሥልጠና ነው።

ስዋሂሊው ግን ይወደዳል። አንድ ቀን የቤት አከራዬ "ሳአ ታቱ" ላይ እንገናኝ አሉኝ። ታቱ ሦስት ነው። ሌላው የውጭ አገር ሰው ግራ ሲጋባ እኔ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደጃፋቸው ነበርኩ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ነው። እሳቸው ሳቁ፤ ከዚያ ወዲህ ተግባባን። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሉት፤ እሱን እንዳታምታቱ።

ጾም ላይ አትቸገሩም። ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን ነው፤ በየሄዱበት አለ። ኡጋሊ የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ቅቤና በርበሬ የሌለው። ቤተ ክርስቲያናችን አለ፤ እንጀራም አይጠፋም።

መብራትና ኢንተርኔት ከእኛ ይሻላሉ። ያም ሆኖ ይቋረጣሉ። በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ኬንያ በሞላ ጎደል ሌሊቱን ጨለማ ውስጥ አድራለች። በነገራችን ላይ ከእኛም መብራት ይገዛሉ። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ናይሮቢ አቅራቢያ ሱስዋ የሚደርሰው መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ጅቡቲ

ጅቡቲ ቅርብ ናት፤ ባቡሩም አለ። ስለ እሷ ሦስት ነገር ብቻ ልበል፤ ወሳኞቹም እነሱ ናቸው።

አንደኛ፣ ቋንቋው ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ነው። ቢሮው በፈረንሳይኛ ይጽፋል፤ ስብሰባውም በፈረንሳይኛ ነው። ኪቦርዱ ሳይቀር የፈረንሳይ ነው። ኤ ያለችበት ቦታ ኪው ታገኛላችሁ። ፓስወርድ ስትጽፉ ለሳምንታት ትሳሳታላችሁ። ፈረንሳይኛ የሌለው ሰው ጅቡቲ ላይ የሚያገኘው ሥራ ጠባብ ነው።

ሁለተኛ፣ ሥራው ዓይነቱ ሌላ ነው። አገሪቱ የምትኖረው በወደብ ነው። የሚፈለገው የኔትወርክ፣ የሰርቨር፣ የወደብና የጭነት ሲስተም ሰው ነው። ብዙ የባሕር ሥር ገመዶች የሚያርፉባት ስለሆነች በቴሌኮም መስመር ለሠለጠነ ሰው ጥሩ መማሪያ ትሆናለች። የሞባይል አፕ ወይም ድረ ገጽ ለሚሠራ ልጅ ግን ገበያው ትንሽ ነው። የሕዝቧ ብዛት ወደ አንድ ሚሊዮን ነው። የቴሌኮም ድርጅቱም በመንግሥት የተያዘ ነው።

ሦስተኛ፣ ገንዘቧ አይናወጥም። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። ዛሬ የተዋዋላችሁት ደሞዝ ከሁለት ዓመት በኋላም በዶላር ያው ነው። ቤተሰብ ለሚረዳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በአንጻሩ ኑሮው ውድ ነው፤ አትክልቱ ሳይቀር ከእኛ ተጭኖ ይሄዳል።

ሙቀቱን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ጅቡቲ በሙቀት ወራቷ ከ40 ዲግሪ ትበልጣለች። የሰሜን ሸዋ ሰው ሸዋ ሮቢት ወርዶ እንኳ "ኧረ አቃጠለኝ" ይላል። ኤር ኮንዲሽነር የሌለው ቤት እንዳትከራዩ። የመብራቱንም ክፍያ ከኪራዩ ጋር ደምሩት።

አንድ ሌላም አለ። የሥራ ሳምንቱ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው። ለሚያስቀድስ ሰው እሑድ ጠዋት ቢሮ መግባት ይከብዳል። ውል ከመፈረም በፊት ማወቁ ይሻላል።

ኪጋሊን በአንድ አንቀጽ

አትዋሰነንም፤ ግን ሁልጊዜ ስሟ ይነሳል። እኔ ለሥራ ሳይሆን ለትምህርት ነው የምመክራት። ካርኔጊ ሜለን የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እዚያ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የማስተርስ ትምህርት ይሰጣል፤ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች ስኮላርሺፕም አለው። የሥራ ገበያው ከናይሮቢ ያንሳል። ፀጥታዋና ንጽህናዋ ግን እውነት ነው።

እዚሁ መቆየት

አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት። መንገዱ ሰላም ሲሆን ጠዋት ተነስቶ እዚያ ቁርስ ይበላል። ባንኮች፣ ሁለቱ የቴሌኮም ድርጅቶችና የክፍያ ሲስተም የሚሠሩ ኩባንያዎች ፕሮግራመር ይቀጥራሉ። ልምድ ለሌለው ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እዚያ ቢያሳልፍ ደስ ይለኛል። ናይሮቢ ጀማሪ ከውጭ አያስመጣም፤ ጀማሪ ሞልቷታል። ክላስ ዲን ማስረዳት የሚቻለው ልምድ ሲኖር ነው።

ከደብረ ብርሃን ሆኖ በርቀት መሥራትስ? ይቻላል፤ እኔም እየሠራሁ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር በባንክ በኩል የሚመጣ ዶላር ዋጋ አለው። ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ወይም ደሞዝ ያለው ሰው የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈትም ተፈቅዶለታል። ችግሩ ክፍያ መቀበያው ላይ ነው። በፔይፓል ከኢትዮጵያ ሆኖ ገንዘብ መቀበል አይቻልም። ኬንያ ላይ ግን ከፔይፓል ወደ ኤም-ፔሳ ማውጣት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቻላል። ስለዚህ እዚህ የምትሠሩ ከሆነ ደንበኛችሁ በቀጥታ ባንክ ለባንክ እንዲልክ መጀመሪያ ተስማሙ።

ሌላው ኢንተርኔቱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ ደንበኛ ያጣ ብዙ ሰው አለ። ኢንተርኔት አጥቶ ዝም ያለ ሠራተኛ ውጭ ላለው ቀጣሪ የጠፋ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ የመስመር ኢንተርኔት ይኑራችሁ። አዲስ አበባ ላይ የሚያስጠጋችሁ ዘመድ ይኑራችሁ። ይህንንም ለቀጣሪያችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አስቀድሞ የተነገረውን ሰው ይረዳል።

ከመነሳታችሁ በፊት

ወረቀት ከምታስቡት በላይ ጊዜ ይበላል። ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊውን የዲግሪ ማስረጃ፣ ይዞ የሚሄድ አለ፤ አይሆንም። ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት የወጪ መጋራቱን መጨረስ አለባችሁ። ከዚያ ትምህርቱን አረጋግጡ፤ ውጭ ጉዳይም ማኅተም ያሳርፍበት። ፓስፖርት፣ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚያሳይ የፖሊስ ማስረጃ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ካርዱን ንቀው አየር ማረፊያ የተቸገሩ አሉ።

ለቀጣሪው ደግሞ እነዚህን በጽሑፍ ጠይቁ። ፈቃዱን ማን ይከፍላል? ከመምጣቴ በፊት ይወጣል ወይስ በኋላ? ባይፈቀድስ የመመለሻ ትኬቴ የማን ነው? ደሞዙ በየትኛው ገንዘብ ነው? በሙሉ ሠራተኛነት ነው ወይስ በኮንትራክተርነት? የመጨረሻውን አትዝለሉት። ኮንትራክተር ናችሁ ብሎ እዚያ ሂዱ የሚል ድርጅት ፈቃዱን የእናንተ ራስ ምታት እያደረገው ነው።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ልምድ ላለውና ቀጣሪው ፈቃዱን ቀድሞ ለሚያወጣለት፣ ናይሮቢ። ፈረንሳይኛ ለሚችል የኔትወርክ ሰው፣ ጅቡቲ። ገና ለተመረቀ ልጅ፣ አዲስ አበባ። አቅመ ደካማ ወላጅ ቤት ላለው ደግሞ በርቀት እዚሁ፤ ያ ሰው ልቡ ለሁለት አይከፈልበትም። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያው ዓይነት ናት። አዲስ አበባ አንድ ባንክ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርታለች።

ጥያቄዎቹን እዚያው ካፌ ሆና ለሁለቱም ላከች። ጅቡቲዎቹ ዝም አሉ። ናይሮቢዎቹ በአራተኛው ቀን መለሱ፤ ፈቃዱን እኛ እንከፍላለን፣ ግን ከመጣሽ በኋላ ነው የምናስጀምረው አሉ። እሷም ፈቃዱ እስኪወጣ ከዚህ ሆኜ በርቀት ልጀምር ብላ ጻፈች። ተስማሙ። አሁን ወላጆቿ ቤት፣ ከምድጃው አጠገብ ባለችው ክፍል ሆና ትሠራለች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሯን ዘግታ እንግሊዝኛዋን ስታወራ እናቷ ድምፅ ላለማሰማት ቡናውን ውጭ ወስዳ ነው የምትወቅጠው። ሻንጣው አልጋ ሥር ነው። የመንዝ ባና ታጥፎ ገብቶበታል፤ ናይሮቢ ሐምሌ ላይ ትበርዳለች ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ።